እውነት ወይስ ተረት? «ዋቱ ስንት ነው?»፦ በካምፓላ መድረክ የቤዝ አምፕ አመራረጥ

ካባላጋላ ዓርብ ማታ የሚተኛ ሠፈር አይደለም። ከካምፓላ መሀል ወደ ደቡብ፣ የጋባን መንገድ ይዘው ሲወርዱ የሚገኘው ይህ ሠፈር በአንድ ወገን የሐበሻ ምግብ ቤቶች ጀበና ጥደው እንግዳ የሚቀበሉበት፣ በሌላ ወገን መጠጥ ቤቶች ስፒከራቸውን ወደ አስፋልት አዙረው የሚፎካከሩበት ነው። ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ ጓሮ ሳውንድ ቼክ ላይ ሳለን፣ ከአዲስ አበባ ከመጣ ዓመት ያልሞላው አንድ ልጅ ቤዝ ጊታሩን በጀርባው አዝሎ ገባ። ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ ከኋላዬ የቆመውን አምፕ አየት አደረገና «ጋሼ፣ ዋቱ ስንት ነው?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ ፒያሳም ሰምቼዋለሁ፤ እዚህም ከሐበሻውም ከኡጋንዳዊውም እሰማዋለሁ። «ቮልቱ ስንት ነው?»፣ «ኦሙስ?»፣ «ማን ይሸከመዋል?» ብሎ የጠየቀኝ ቤዝ ተጫዋች ግን የለም። ሦስቱም ገንዘብ አስወጥተውኛል። ዋት አስወጥቶኝ አያውቅም።

ካምፓላ ለወፍራም ድምፅ እንግዳ እንዳይደለች አስቀድሜ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1975 የተቋቋመው አፍሪጎ ባንድ በሞዝስ ማቶቩ መሪነት ግማሽ ምዕተ ዓመት ሞልቶታል። «ካዶንጎ ካሙ» የሚባለው የሉጋንዳ ዘፈን ስሙ ራሱ «አንዲት ጊታር» እንደ ማለት ነው፤ ዘፈኑን እንደ ከበሮ የሚነዳው በዚያች ጊታር ወፍራም ክሮች ላይ የሚመታው ምት ነው። ስለዚህ ቤዝ ሲበላሽ የሚያውቅ ጆሮ በየጠረጴዛው ተቀምጧል። ስለ አምፕ የሚወሩት ተረቶች ግን አዲስ አበባ የሰማኋቸው ራሳቸው ናቸው።

«500 ዋት የ250 ዋትን እጥፍ ይጮኻል»

ተረት። የአምፑ ኃይል እጥፍ ሲሆን የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም አድማጭ «ትንሽ ከፍ አለ» የሚለው ዓይነት ለውጥ ነው። አብዛኛው ሰው «አሁን እጥፍ ሆነ» የሚለው ወደ 10 ዴሲቤል ሲጨመር ነው፤ ለዚያ ኃይሉ አሥር እጥፍ መሆን አለበት። የ250 ዋት አምፑን እጥፍ ማስጮኽ የፈለገ ሰው የሚያስፈልገው 500 ሳይሆን 2,500 ዋት ነው ማለት ነው።

ይልቅስ ገበያ ላይ ማንም የማያነሣት አንዲት ቁጥር አለች፦ ስፒከሩ 1 ዋት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል ያወጣል? አንዱ ካቢኔት (ስፒከሩ የተገጠመበት ሣጥን) 97፣ ሌላው 103 ቢል፣ ሁለተኛው በ100 ዋት የሚያሰማውን ያህል ለማሰማት የመጀመሪያው 400 ዋት ይበላል። ልዩነቱ ያለው ስፒከሩ ውስጥ ነው፤ እኛ ግን ገንዘባችንን አምፑ ላይ እንጨርሳለን። በዚያ ላይ ከፊት በትልቁ የተለጠፈው «1000» ብዙ ጊዜ «ፒክ» የሚሉት፣ ለቅጽበት ብቻ የሚደረስበት ቁጥር ነው። ሳይቋረጥ የሚሰጠው ኃይል ከኋላ፣ በትንሿ ጽሑፍ ነው ያለው፤ ሻጩ አምፑን ወደ ግድግዳ አስጠግቶ ከሆነ አዙረው ይዩት።

የዋቱ ጥያቄ ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። ቤዝ ከሊድ ጊታር ይልቅ ብዙ ኃይል ይፈልጋል፤ ይህ እውነት ነው። የባለ አራት ክሩ ቤዝ ወፍራሙ ክር፣ «ኢ» የሚባለው፣ በሰከንድ 41 ጊዜ (41 ኸርዝ) ይርገበገባል። ፍሌቸርና መንሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተሙት ሥራ እንዳሳዩት ጆሯችን ለወፍራም ድምፅ ሰነፍ ነው። በ40 ኸርዝ አካባቢ ያለ ድምፅ ገና ለመሰማት ብቻ፣ በ1,000 ኸርዝ ካለው ይልቅ ወደ 50 ዴሲቤል ገደማ መላቅ አለበት። ሊድ ጊታሩ በ50 ዋት ቤቱን ሲያናውጥ 300 ዋት ይዞ ድምፁ የሚዋጥበት ቤዝ ተጫዋች አምፑ አልደከመበትም፤ ጆሯችን አድልቶበት ነው።

«ቤዝ ከፈለግክ ባለ 15 ኢንች ግዛ»

ይህኛው ተረት የሚወደደው ዓይን ስለሚመሰክርለት ነው። ትልቅ ከበሮ ወፍራም፣ ትንሽ ከበሮ ቀጭን ድምፅ ያወጣል፤ ስፒከርም እንደዚያ ይመስላል። ግን ከበሮ ተመትቶ በገዛ ቃናው ይጮኻል፤ ስፒከር ደግሞ አምፑ ያዘዘውን እየተከተለ አየር ይገፋል። ምን ያህል እንደሚገፋ የሚወስኑት የገጹ ስፋት፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄድበት ርቀት፣ የተቀመጠበትም ሣጥን ናቸው። የገጹን ስፋት በቀላሉ ማወዳደር ይቻላል፦ 15 በ15 225 ነው፣ 10 በ10 ደግሞ 100። ሦስት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች አንዱን ባለ 15 አልፈውት ይሄዳሉ።

አምፔግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1969 ኤስ.ቪ.ቲ. የተባለውን 300 ዋት የቲዩብ አምፕ ሲያወጣ አብሮት ያቆመው ካቢኔት ስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች ያሉት ነበር። ሮሊንግ ስቶንስ በዚያው ዓመት አሜሪካን ሲዞሩ ይዘውት ዞሩ፤ ከዚያ ወዲህ የትልቅ መድረክ ቤዝ ሲባል በብዙ ሰው ዓይን የሚመጣው ያ ቁም ሣጥን የሚያህል ነገር ነው። ውስጡ አንድም ባለ 15 ኢንች የለም። ይበልጥ የሚገርመው፣ የዚህ ካቢኔት ዘመድ የሆነው የኋለኛው ሞዴል በኩባንያው በራሱ መግለጫ መሠረት ገና በ58 ኸርዝ 3 ዴሲቤል ወርዷል፤ 40 ኸርዝ ሲደርስ 10 ዴሲቤል ቀንሷል። «ኢ» ክር 41 ነው ብለናል። የቤዝ ካቢኔቶች ንጉሥ የወፍራሙን ክር መሠረት በግማሽ ገደማ እያሰማ ነው ሲነግሥ የኖረው።

ታዲያ ለምን ወፍራም ሆኖ ይሰማናል? ክር ሲመታ 41ን ብቻ አያወጣም፤ 82፣ 124፣ 165 እያለ የሚወጣ ቤተሰብ አብሮት ይመጣል። አእምሯችን ልጆቹን ሰምቶ አባትየው የት እንዳለ ያውቃል፤ ባይኖርም ይሰማዋል። የዋልያስ ባንድን «ሙዚቃዊ ስልት» በመናኛ የታክሲ ቴፕ የሰማ ሰው ሁሉ የመላከ ገብሬን ቤዝ ማዜም ይችላል፤ ያ የታክሲ ስፒከር ግን 41 ኸርዝን በሕልሙም አይቶት አያውቅም። የአይቤክስና የሮሃ ባንዱን የጆቫኒ ሪኮን ጨዋታም ብዙዎቻችን የተማርነው እንደዚያው ነው።

በገና ደርዳሪዎቻችን ይህን ከማንም በፊት የገባቸው ይመስለኛል። በክሩና በብርኩማው መካከል የምትገባው እንዚራ የተባለች የቆዳ ቁራጭ ክሩን ታነዝራለች፤ ያ ንዝረት ብዙ ቀጫጭን ድምፆችን ይወልዳል፤ የበገናው ወፍራም ድምፅ በእነሱ ላይ ተጭኖ ቤቱን ይሞላል። ቤዝ ተጫዋች ከአምፑ ላይ ቀጫጭኑን ድምፅ ሁሉ ቆርጦ ወፍራሙን ብቻ ሲጨምር ይህን እንዚራ ነቅሎ መጣሉ ነው። ከዚያ «አይሰማም» ብሎ ዋት ሊገዛ ይሄዳል።

«የቤዝ ሞገድ 8 ሜትር ካልተጓዘ አይሰማም»

ቁጥሩ ልክ ነው፤ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚሄድ የ41 ኸርዝ ሞገድ 8 ሜትር ከ30 ገደማ ይረዝማል። ድምዳሜው ግን ተረት ነው። በጆሮ ማዳመጫ ቤዝ እንሰማለን፤ ከጆሮ ታምቡራችን ያለው ርቀት ከጣት አይረዝምም።

እውነቱ የክፍሉ ነው። ሞገዱ ከግድግዳ ተመልሶ ከራሱ ጋር ሲገናኝ አንዱ ቦታ ይደረባል፣ ሌላው ቦታ ይጠፋፋል። አምፑ አጠገብ የቆመው ተጫዋች ምንም ሳይሰማ፣ ጥጉ ላይ የተቀመጠው ደንበኛ ብርጭቆው የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። ካቢኔቱን ወደ ጥግ ማስጠጋት ወፍራሙን ድምፅ በነፃ ይጨምራል፤ ሲበዛ ደግሞ ያደበዝዘዋል። ሜዳ ላይ፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ጂንጃ ላይ ሲደረግ የቆየውን ኒየጌ ኒየጌን በመሰለ ፌስቲቫል፣ የሚያግዝ ግድግዳ የለምና ቤት ውስጥ ሲያስፈራ የነበረው አምፕ እንደ ትንኝ ይሆናል።

ከጂንጃ ባሻገር ባለው የቡሶጋ አገር ኤምባይሬ የሚባል፣ ስድስት ያህል ሰዎች ዙሪያውን ተቀምጠው የሚመቱት ግዙፍ የእንጨት መሣሪያ አለ። ሰዎቹ ከእንጨቶቹ ሥር ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ጉድጓዱ ነው አምፑ። አንድም ዋት የለውም፤ ሆድ ግን ያንቀሳቅሳል።

«ሶኬቱ ከገባ ይሠራል»

እዚህ ላይ ነው ቆም ማለት ያለብን። ኡጋንዳ 240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ኢትዮጵያ 220፣ 50። ከአዲስ አበባ የመጣ አምፕ በቮልት በኩል አይቸገርም። አሜሪካ ግን 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ ሰው ዕቃ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዋሽንግተን የአክስት ልጅ ነው የሚመጣው። እኔም እንደዚያ የመጣልኝን አንድ አምፕ ጀርባውን ሳላይ ሰካሁት። የመጀመሪያውን ዘፈን ግማሽ እንኳ አላደረሰኝም፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታው ከዕጣኑ ጋር ተቀላቅሎ ለጊዜው ማንም አላስተዋለውም ነበር።

ከኋላ ያለችው ጽሑፍ «100–240» የምትል ከሆነ አምፑ ሁለቱንም አገር ይችላል። «120» ብቻ ካለች ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ ትራንስፎርመሩ የሚችለው መጠንም እዚያው ጽሑፍ ላይ ከተጻፈው የአምፑ ፍጆታ በደንብ መብለጥ አለበት። አንዳንዱ ላይ ከ120 ወደ 240 የምትገለበጥ ማብሪያ አለች፤ እሷን ሳያዩ የሰኩ ጓደኞች አሉኝ። «አዲሶቹ ቀላል አምፖች ሁሉ ሁሉንም ቮልት ይቀበላሉ» የሚለውም ተረት ነው፤ አንዳንዶቹ ለአንድ አገር ብቻ ተሠርተው ይወጣሉ።

ሌላው መሰኪያው ነው። የኡጋንዳ ሶኬት እንደ እንግሊዝ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ቀዳዳ ነው፤ የእኛ ዕቃ ባለ ሁለት ክብ እግር ነው። ሐበሻ ምን ያደርጋል? የላይኛዋን ቀዳዳ በእስክሪብቶ ገፍቶ ሁለቱን እግር ያስገባል። ይሠራል። ሞባይል ለመሙላት ምናልባት ያስኬዳል። ለአምፕ ግን ያቺ በእስክሪብቶ የታለፈችው ቀዳዳ የመሬት መስመሩ ናት። የቤዝ ክሮች በኬብሉ በኩል ከአምፑ ብረት ጋር የተገናኙ ናቸው፤ አምፑ ውስጥ ችግር ሲፈጠርና መሬት የሚወስደው ሲጠፋ፣ ክሩን የያዘ እጅና ማይክሮፎኑን የነካ ከንፈር መንገዱ ይሆናሉ። የስቶን ዘ ክሮውስ ባንድ ጊታር ተጫዋች ሌስ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በሜይ 3 ቀን 1972 በስዋንሲ መድረክ ላይ የሞተው የመሬት መስመር በሌለው ማይክሮፎን ነው። ስለዚህ «እህህ የሚለው ድምፅ ይጠፋል» ብሎ የመሬቷን እግር የሚቆርጥ ሳውንድ ማን ካጋጠመዎት መቁረጫውን ይቀሙት። የሚጮኸውን ለማጥፋት ቤዙን ከሚክሰሩ ጋር በሚያገናኘው ዲ.አይ. ቦክስ ላይ ለዚሁ የተሠራች ማብሪያ አለች።

መብራት ሲሄድና ጄኔሬተር ሲነሣ ደግሞ ቮልቱ ይዋልላል። እኔ መብራት በጠፋ ቁጥር ጨለማ ውስጥ መጀመሪያ የምፈልገው የአምፑን ማጥፊያ ነው፤ ጄኔሬተሩ እስኪረጋ አላበራውም። ዘፋኙ ይቆጣል። ይቆጣ።

«ካቢኔት ብጨምር ምን ይጎዳል?»

ኦም ካቢኔቱ ኤሌክትሪኩን የሚገታበት መጠን ነው። አምፑ እስከ 4 ኦም ድረስ እችላለሁ ብሎ ከሆነና ሁለቱም ካቢኔቶች ባለ 8 ኦም ከሆኑ ምንም አይጎዳም፤ ሁለቱ አንድ ላይ 4 ይሆናሉ። ሁለት ባለ 4 ኦም ከሆኑ ግን 2 ይሆናሉ፤ አምፑ ከአቅሙ በላይ ኤሌክትሪክ እንዲያፈስ ይገደዳል፤ ወይ ራሱን ያጠፋል ወይ ይቃጠላል። ተከራይቶ የሚጫወት ሰው የማያውቀው ካቢኔት ላይ ከመሰካቱ በፊት ጀርባውን በስልክ መብራት ቢያይ አያፍርበትም። «500 ዋት» የተባለው አምፕም ያንን የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ በ4 ኦም ነው፤ አንድ ባለ 8 ኦም ካቢኔት ብቻ ሲሰካበት ከ250 እስከ 300 አካባቢ ነው የሚያወጣው። ከአምፕ ወደ ካቢኔት የሚሄደው ኬብልም የጊታር ኬብል አይደለም፤ ጃኩ ቢመሳሰልም የጊታሩ ውስጡ ቀጭን ነው፤ ይሞቃል።

«የቲዩብ ዋት ከትራንዚስተር ዋት ይበልጣል» ይባላል። ዋት ዋት ነው። ቲዩብ ከአቅሙ ሲያልፍ ድምፁን ለስላሳ አድርጎ ስለሚጨፈልቀው ከልክ በላይ ቢገፉትም ጆሮ ይታገሠዋል፤ ትልቅ የሚያስመስለው እሱ ነው። «ደካማ አምፕ ስፒከር ያቃጥላል» የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። ስፒከርን የሚያቃጥለው የበዛ ኃይል ነው፤ ትንሽ አምፕ እስከ ጥግ ተገፍቶ ድምፁ ሲቆራረጥ ግን ከተጻፈበት በላይ ያወጣል፤ ስፒከሩ ያንን ካልቻለ ይነዳል። እጅ ነው ጥፋተኛው።

«እኔ ካልሰማሁት ሰውም አይሰማውም»

መድረክ ላይ ካየኋቸው ስሕተቶች ሁሉ ብዙ ምሽት ያበላሸው ይህ ነው። ቤቱ የራሱ ትልልቅ ስፒከሮችና ሚክሰር ካለው፣ ታዳሚው የሚሰማው ቤዝ በዲ.አይ. ቦክስ በኩል ወደ ሚክሰሩ የሄደውን ነው። ከኋላዎ ያለው አምፕ ለእርስዎና ለድራመሩ ነው። እርስዎ ሲጨምሩ ወፍራሙ ድምፅ በዘፋኙ ማይክ ይገባል፤ ዘፋኙ ራሱን አልሰማ ብሎ ሞኒተሩን ያስጨምራል፤ ኪቦርዱ ይከተላል፤ ችክችካው ሦስተኛው ዘፈን ላይ የጭቃ ውስጥ ሩጫ ይሆናል።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ ወንበር ነው። ቀጫጭኑ ድምፅ ከስፒከሩ ቀጥ ብሎ ስለሚወጣ መሬት ላይ የተቀመጠ ካቢኔት የተጫዋቹን ጉልበት ነው የሚመታው፤ ጉልበት ደግሞ ጆሮ የለውም። ካቢኔቱን ወደ ላይ አንጋጡት፣ ወይም ጠንካራ ነገር ላይ አውጡት። አምፕና ስፒከር በአንድ ሣጥን የያዘች ባለ 200 ዋት ትንሽ ኮምቦ ወደ ጆሮ ስትዞር፣ መሬት ላይ ከተደፋው ባለ 800 ይልቅ ጥርት ብላ ትሰማለች። ቤቱ ሚክሰር ላይ ለቤዝ ቦታ ከሌለው፣ በካባላጋላ ጓሮዎች እንደሚያጋጥመው፣ ያኔ አምፑ ሁሉንም ይሸከማልና ትልቅ ካቢኔት ያስፈልጋል። ስለዚህ አምፕ ከመግዛቴ በፊት የምጠይቀው ስለምጫወትባቸው ቤቶች ሚክሰር ነው።

«ጆሮ ይለምዳል» የሚሉኝም አሉ። የለመደ የሚመስለው ጆሮ እየደነዘዘ ነው። የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም መመሪያ 85 ዴሲቤልን ለ8 ሰዓት ይፈቅዳል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱን በግማሽ እየቆረጠ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። የሐበሻ ሠርግ ላይ 15 ደቂቃ አንድ እስክስታ ነው። የጆሮ መድፈኛ ያድርጉ።

«ከባድ አምፕ ጥሩ አምፕ ነው»

በአንድ ዘመን እውነት ነበር፤ ብዙ ዋት ማለት ትልቅ የብረት ትራንስፎርመር ማለት ስለነበር። ዛሬ ክላስ ዲ የሚባሉት አምፖች 500 ዋት ይዘው 2 ወይም 3 ኪሎ ይመዝናሉ፤ ከበርበሬ ቋጠሮ ይቀላሉ። ካቢኔት ላይ ግን ተአምር የለም። ሆፍማን የተባለው የስፒከር መሐንዲስ እንዳለው ትንሽ ሣጥን፣ ወፍራም ድምፅና ትልቅ ጩኸት ከሦስቱ ሁለቱን ነው የሚመርጡት። ያ ባለ ስምንቱ የአምፔግ ካቢኔት በኋለኛው ሞዴሉ 63 ኪሎ ገደማ ነው።

ለከባዱም አንድ ነገር ልመስክርለት። አሮጌው ትራንስፎርመር ያለው አምፕ ሲበላሽ ብየዳ የሚያውቅ የሠፈር ቴክኒሻን ይከፍተዋል፣ የተቃጠለውን በዓይኑ አይቶ ይቀይረዋል። ቀላሉ ሲበላሽ ውስጡ ሰሌዳው ላይ የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ ነገሮች ተደርድረዋል፤ ብዙ ጊዜ ቴክኒሻኑ አይቶ ክዳኑን መልሶ ይገጥመዋል። እኔ ቀላሉን ይዤ እሄዳለሁ፤ ከቤት ደግሞ አንድ አሮጌ አስቀምጫለሁ።

ያን ዕለት ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጨርሰን ወጣን። ልጁ ካቢኔቱን በአንድ ጆሮው እኔ በሌላው ይዘን አስፋልቱ ዳር አቆምነው። አንድ የቦዳ ቦዳ ነጂ ሞተሩን ሳያጠፋ ተጠጋና ዕቃውን ከላይ እስከ ታች አየው። የት እንደምንሄድ አልጠየቀም። «ሴቦ፣ ስንት ኪሎ ነው?» አለ። ነገርኩት። ራሱን ነቅንቆ ሄደ፤ ሁለተኛው መጣ፣ እሱም ኪሎውን ጠየቀ።